ፋይበር እና የስጋ ዶሮ ሆድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የስጋ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ስለ ፉርሽካ፣ ስለ ፋጉሎ እና ስለ ኩስ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ እነሆ።

ፋይበር ምንድን ነው? በዶሮ መኖ ውስጥስ የት ይገኛል?

ፋይበር፣ በእኛው ቃል አሰር፣ የእህሉ ቅርፊት፣ ገለፈትና የሕዋሶቹ ግድግዳ ነው። ዶሮ ምግብ በሚፈጨው በራሷ ኢንዛይም ልትበትነው የማትችለው ክፍል ማለት ነው። ስንዴ ወፍጮ ሲገባ ዱቄቱ ለዳቦ ይሄዳል፣ ፉርሽካው ይቀራል። ኑግ ሲጨመቅ ዘይቱ ይወጣል፣ ፋጉሎው ይቀራል። ሰው ጥሩውን ወስዶ የሚተወው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል አሰሩ ከፍ ያለ ነው። የእኛ አገር የዶሮ መኖ ደግሞ ብዙ ቦታ የሚሞላው በዚያ በተረፈው ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ያዟቸው፣ ወደ ታች እንጠቀምባቸዋለን። በቆሎ 2.2 በመቶ ገደማ ፋይበር አለው። ማሽላ 3 አይሞላም። ገብስ 5 አካባቢ ነው። የአኩሪ አተር ፋጉሎ ከነገለፈቱ ከሆነ ከ6 እስከ 7 ይደርሳል። የስንዴ ፉርሽካ 10 ወይም 11 ነው። የኑግ ፋጉሎ እንደ አጨማመቁ ቢለያይም 18 እና ከዚያ በላይ ነው። ሳይላጥ የተጨመቀ የሱፍ ፋጉሎ ደግሞ 25ን ያልፋል።

ላም ጭድ በልታ ትወፍራለች። ዶሮ ለምን አትችልም?

ላም ሆዷ ውስጥ ትልቅ የመብላላት ጋን ተሸክማለች። እዚያ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ጭዱን ቀስ ብለው ያፈርሱላታል፣ እሷም ታመሰኳዋለች። ዶሮ ይህ የላትም። ጥርስም የላትም። የበላችው መጀመሪያ አንገቷ ስር ያለው ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይርሳል። ከዚያ አሲድና ኢንዛይም የሚያመነጨው የፊተኛው ጨጓራ ይቀበለዋል። ቀጥሎ ጡንቻማው ጨጓራ ያደቀዋል፤ በበዓል ገላልጠን ቢጫውን ሽፋን የምንልጠው እሱ ነው። ከዚያ በትንሹ አንጀት ያልፋል። ሙሉው ጉዞ በጥቂት ሰዓት ያበቃል። ጠዋት የበላችው ከሰዓት በፊት ኩስ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ፋይበር የሚብላላበት ቦታ ጨርሶ የለም ማለት ግን አይደለም። በአንጀቷ መጨረሻ ላይ ሴካ የሚባሉ ሁለት ጫፋቸው የተዘጋ ቧንቧዎች አሉ። እዚያ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ነገር ግን ወደዚያ የሚገባው ፈሳሹና በጣም የደቀቀው ብቻ ነው። ሻካራው ገለፈት ሳይገባ በሩን አልፎ ይወጣል። ስለዚህ ዶሮ ከፋይበር የምታገኘው ጉልበት በጣም ትንሽ ነው።

የማይፈጭ ከሆነ ጨርሶ ብናስወጣውስ?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበር የማስበው። ፋይበር ማለት ባዶ ቦታ፣ የሚሞላ እንጂ የማይጠቅም ነገር መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ሁለት ዶሮ አርጄ ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። አንዷ እንደ ዱቄት የደቀቀ፣ ገለፈት የሌለው መኖ ስትበላ የኖረች ናት። ጡንቻማው ጨጓራዋ ትንሽና ልፍስፍስ ነበር። ውስጡ ቀጭን አጥሚት የመሰለ ነገር ነበረው። የፊተኛው ጨጓራዋ ደግሞ ተለጥጦ የት ላይ አልቆ ጡንቻማው የት ላይ እንደጀመረ አይታወቅም። ሁለተኛዋ ሸካራ የበቆሎ ክክና ትንሽ ገለፈት ያለበት መኖ ነበር የምትበላው። የእሷ ጡንቻማ ጨጓራ ደረቅ፣ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት የሚመልስ ነው። ውስጡ ሻካራ ቁርጥራጭ ይዟል። ቢላዋ ሲያርፍበት ድምፅ ያሰማል።

ልዩነቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። የማይሟሟ ሻካራ ፋይበር ጡንቻማው ጨጓራ ውስጥ ይቆያል፣ እስኪደቅ ድረስ አይለቀቅም። ጡንቻው ይሰራል፣ ሲሰራ ይጠነክራል። ምግቡ ረዘም ላለ ጊዜ ከአሲድና ከኢንዛይም ጋር ይታሻል። አሲዱ ሲበረታ ከመኖ ጋር የገባ ጎጂ ባክቴሪያም ይመታል። ከአንጀት ወደ ጨጓራ ተመልሶ የሚታሽ ምግብም አለ፣ ይህም የሐሞትና የኢንዛይሙን ሥራ ያግዛል። የኖርዌይና የስፔን ተመራማሪዎች በወጣት የስጋ ዶሮዎች ላይ ደጋግመው እንዳሳዩት፣ አሰሩ በጣም ዝቅተኛ በሆነ መኖ ላይ 3 በመቶ ያህል የአጃ ገለፈት ሲጨመር ስታርችና ሌላው ምግብ የተሻለ ይፈጫል። ልብ በሉ፣ 3 በመቶ ነው። 13 አይደለም።

ታዲያ መኖዬ ውስጥ ስንት በመቶ ፋይበር ይሁን?

እንደ ኮብ 500 እና ሮስ 308 ላሉ ፈጣን የስጋ ዶሮዎች፣ በስታርተር (የጫጩት መኖ) 4 በመቶ አካባቢ፣ በግሮወር (የማሳደጊያ መኖ) እና በፊኒሸር (ከመሸጣቸው በፊት የሚሰጠው የማጠናቀቂያ መኖ) 5 በመቶ አካባቢ ከሆነ ሰላም ነው። ሳሶን የመሰሉ ቀስ ብለው የሚያድጉ ዶሮዎች የጫጩትነት ዕድሜያቸው ካለፈ በኋላ ከዚህ ትንሽ ከፍ ያለውን ይችላሉ። የአገራችን ዶሮማ ውጪ ጭራ የምታድር ናት፤ የእሷ ሆድ ሌላ ታሪክ ነው።

ራሳችሁ አስሉት፣ አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ኩንታል መኖ እንውሰድ። 58 ኪሎ በቆሎ፣ 24 ኪሎ የአኩሪ አተር ፋጉሎ፣ 6 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 8 ኪሎ ፉርሽካ፣ የቀረው 4 ኪሎ ፕሪሚክስ (የቪታሚንና የማዕድን ቅልቅል)፣ ኖራና ጨው። በቆሎው 1.3 ኪሎ ፋይበር ያመጣል። አኩሪ አተሩ 1.4፣ ኑጉ 1.1፣ ፉርሽካው 0.8። ድምሩ 4.6 በመቶ ነው። ጥሩ ነው።

አሁን በቆሎውን ወደ 45፣ አኩሪ አተሩን ወደ 18 አውርዱ። ኑጉን ወደ 15፣ ፉርሽካውን ወደ 18 ከፍ አድርጉ። ስታሰሉት 6.7 በመቶ ገደማ ይመጣል። ከረጢቱ ያው ኩንታል ነው፣ ሲታይም ያው መኖ ይመስላል። የስጋ ጫጩት ግን ልዩነቱን በሳምንት ውስጥ ታሳያችኋለች።

በቆሎ ሲወደድ ፉርሽካ ጨምሬ ብቀጥልስ?

ይህን ጥያቄ ስሰማ የራሴ 200 ጫጩቶች ትዝ ይሉኛል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ በቆሎ ጣሪያ ነካ። እኔ ደግሞ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ በየኩንታሉ 15 ኪሎ በቆሎ አውጥቼ በፉርሽካ ተካሁ። የመኖው ዋጋ ወረደ። ደስ አለኝ። ዶሮዎቹም ይበላሉ፣ መጋቢው ቶሎ ቶሎ ባዶ ይሆናል። ጤነኛ ናቸው ብዬ ነበር። የፋሲካ ሳምንት ሚዛን ላይ ሳወጣቸው ነው የገባኝ። እየበሉ አላደጉም። ገዢው አንዷን አንስቶ ደረቷን ዳሰሰና ወደ ቦታዋ መለሳት። ያን እጅ አልረሳውም።

ሂሳቡ ይኸውና። አንድ ኪሎ በቆሎ ለዶሮ 3,350 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። አንድ ኪሎ ፉርሽካ 1,300 አካባቢ ነው። 15 ኪሎ ስትተኩ ከእያንዳንዱ ኪሎ መኖ 300 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይቀንሳል። የስጋ ዶሮ መኖ 3,000 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ አስረኛ ጉልበት ጠፋ ማለት ነው። ዶሮዋ ያንን ለማካካስ የበለጠ ትበላለች። መጋቢው ቶሎ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ግን ሆዷ ልክ አለው፤ ፉርሽካ ደግሞ ቀላልና ብዙ ቦታ የሚይዝ ነው። ቦታው ይሞላል፣ ጉልበቱ አይሞላም።

ፉርሽካ ፕሮቲኑ ከበቆሎ ይሻላል፣ ይህ እውነት ነው። ችግሩ ጉልበቱ ላይ ነው። ስለዚህ የኩንታሉን ዋጋ አትዩ። አንድ ኪሎ ዶሮ ለማውጣት ስንት ኪሎ መኖ እንደሄደ መዝግቡ፣ የአንድ ኪሎ መኖውን ዋጋ በዚያ አባዙት። ርካሽ የሚባለው መኖ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚጋለጠው። ፉርሽካ የግድ መጨመር ካለበት በፊኒሸር ላይ ይሁን፣ ከ10 ኪሎ በኩንታል አይለፍ፣ ትንሽ ዘይት ማከል ከቻላችሁም አክሉ። ከጫጩት መኖ ላይ ግን እጃችሁን አንሱ።

የሚሟሟ እና የማይሟሟ ፋይበር ሲባል ልዩነቱ ምንድን ነው?

ተልባ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ አሳድሩት። ጠዋት ዝልግልግ ብሎ ታገኙታላችሁ። አብሽም እንዲሁ ነው። ይህ የሚሟሟ ፋይበር ነው። አሁን የባቄላ ገለፈት ውሃ ውስጥ ጨምሩ። ቢያድር ገለፈት ነው፣ ውሃውም ውሃ ነው። ይህ የማይሟሟው ነው።

በዶሮ ሆድ ውስጥ ሁለቱ ተቃራኒ ሥራ ይሰራሉ። የማይሟሟው በልኩ ሲሆን ጡንቻማውን ጨጓራ ያሰራል። የሚሟሟው ግን አንጀት ውስጥ ያለውን ምግብ ያዝለገልገዋል። ኢንዛይሙ ወደ ምግቡ አይደርስም፣ የተፈጨውም ወደ አንጀት ግድግዳ አይደርስም። በተለይ ስብ ሳይፈጭ ያልፋል። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ ፋይበር ለዶሮ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ሲለኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛው እንደሆነ ነው።

ስንዴ ወይም ገብስ ሳበላ ኩሱ ለምን ይለጠፋል?

በዚሁ በሚሟሟው ፋይበር ምክንያት ነው። ገብስና አጃ ቤታ ግሉካን የሚባል አላቸው። ስንዴ ደግሞ አራቢኖዛይላን አለው። በቆሎና ማሽላ ላይ የሚሟሟው በጣም ትንሽ ነው፣ ለዚህ ነው በቆሎ የሚስማማው። ገብስ በብዛት የበላች ጫጩት ኩሷ ቂጧ ላይ ይደርቃል፣ እግሯ ላይ ይለጠፋል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል። በጣም የሚጎዱት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ላይ ያሉት ናቸው። ከፍ ያሉት የተሻለ ይቋቋማሉ።

ሌላም መዘዝ አለው። ሳይፈጭ የቀረ ምግብ አንጀት ውስጥ ሲቆይ የባክቴሪያ ቀለብ ይሆናል። ክሎስትሪዲየም የሚባለው ባክቴሪያ እንዲህ ያለ ቦታ ይወዳል፣ የአንጀት ግድግዳ የሚያቆስል በሽታም ያመጣል። ገብስ ብቻ ምክንያት ነው አልልም። መንገዱን ግን ይጠርግለታል።

መፍትሔው ኢንዛይም ነው። ለገብስ ቤታ ግሉካኔዝ፣ ለስንዴ ዛይላኔዝ። ይህ ኢንዛይም ዝልግልጉን ይቆራርጠዋል፣ ፈሳሹም ይቀጥናል። ኢንዛይም ከሌላችሁ በስታርተር ላይ ገብስ አትጨምሩ።

ቡናማ፣ የሚሸት፣ እንደ ጭቃ የሚለጠፍ ኩስ አየሁ። ተቅማጥ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ያ ከሴካ የሚወጣው ነው። ዶሮ በቀን ጥቂት ጊዜ እነዚያን ሁለት ቧንቧዎች ባዶ ታደርጋለች። የሚወጣው ጥቁር ቡናማ፣ ለስላሳና የሚሸት ነው። እንዲያውም የሴካው ባክቴሪያ ሥራ ላይ እንዳለ ምልክት ነው። በዙሪያው ነጭ ጫፍ ያላቸው ጠንካራ ኩሶች ካሉ ተረጋጉ።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ደም ካያችሁ ያ የመኖ ጉዳይ አይደለም፣ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ጥሩ። ኩሱ በሙሉ ውሃ ከሆነ፣ ብርቱካናማ ንፍጥ ካለበት፣ ወይም ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ጥለው ከተኮራመቱ አትጠብቁ። ፋይበር ስንቀንስና ስንጨምር ስንት ሰው በሽታ አሳልፎ መንጋ አጥቷል።

ጉዝጓዙ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። መኖው ይሆን?

ሊሆን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ መጠጫውን እዩ። ከጉዝጓዙ ላይ አንድ እፍኝ አንስታችሁ ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተበተነ ደህና ነው። ኳስ ሆኖ ከቀረ እርጥበቱ በዝቷል። መጠጫው ዙሪያ ብቻ ከሆነ ውሃ እየፈሰሰ ነው፣ ከፍታውን ከዶሮዎቹ ጀርባ ጋር አስተካክሉ። ቤቱ በሙሉ ከሆነ ግን ጨውን፣ የአየር ዝውውሩን እና መኖውን ጠርጥሩ።

ከመኖ አንፃር ሁለት ተጠያቂዎች አሉ። አንዱ ገብስና ስንዴ ናቸው፣ ከላይ ብያለሁ። ሌላው ጨው ነው። ጨው የበዛበት መኖ ዶሮን ውሃ ያስጠጣታል። እርጥብ ጉዝጓዝ ደግሞ የእግር መዳፍ ያቆስላል፣ ከእሱ የሚወጣው አሞኒያ የሚባል ጋዝ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ቤቱ ውስጥ ስትገቡ ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ እነሱን ከዚያ በፊት አቃጥሏቸዋል።

ጫጩቶቹ ሰጋቱራና ጭድ ይበላሉ። ልጨነቅ?

ትንሽ መብላታቸው የተፈጥሮ ነገር ነው። ሆዳቸው ሻካራ ነገር ይፈልጋል፣ መኖው ላይ ካላገኙት ወለሉ ላይ ይፈልጉታል። ጨጓራ ከፍታችሁ የእንጨት ፍርፋሪ ብታገኙ አትደንግጡ።

ሦስት ነገር ግን ጠብቁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጫጩት መኖን ከሰጋቱራ አትለይም፣ ስለዚህ ወረቀት አንጥፉና መኖ ወረቀቱ ላይ በትኑ። ረጅም ጭድ አንገቷ ስር ያለው ከረጢት ውስጥ ተጠቅልሎ ሊዘጋባት ይችላል፣ የጤፍ ጭድ ከሆነ አሳጥራችሁ ቁረጡት። ሰጋቱራ ደግሞ ቀለም፣ ቫርኒሽ ወይም የምስጥ መድኃኒት ከተቀባ እንጨት እንዳይሆን አናጢውን ጠይቁት። ደቃቅ የእንጨት ዱቄትም ትንፋሽ ያውካል፤ ፍቅፋቂው ይሻላል።

አሸዋና ጠጠር መስጠት አለብኝ?

የተፈጨ መኖ ለምትበላ የስጋ ዶሮ ግዴታ አይደለም። ሙሉ እህል የምትሰጡ ከሆነ ወይም ውጪ የምትለቋቸው ከሆነ ጥቂት ጠጠር ይጠቅማል። የኖራ ድንጋይ ግን ጠጠር አይተካም። አሲዱ ያሟሟዋል።

በቆሎው ይድቀቅ ወይስ ሸካራ ይሁን?

ከምንሰራቸው ስህተቶች ሁሉ በነፃ የሚታረመው ይሄኛው ነው። ለእንጀራ እንደሚፈጭ አድርጋችሁ አታስፈጩት። ዱቄት የሆነ መኖ ያቦናል፣ መንቁር ላይ ይለጠፋል፣ መጠጫ ውስጥ ይገባል። ከሁሉ በላይ ጡንቻማው ጨጓራ ሥራ ፈት ይሆናል። ለጫጩት ደቀቅ ያለ ክክ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን በጣት ስትዳስሱት የሚሻክር ይሁን።

ፉርሽካና ፋጉሎ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የፋጉሎ ጓል ካልተሰበረ ዶሮዋ ትመርጣለች፣ የተሻለውን ለቅማ ገለፈቱን መጋቢው ውስጥ ትተዋለች። ሚዛናዊ መኖ ቀላቅላችሁ እሷ ሚዛኑን አፈረሰችው ማለት ነው። ማታ ላይ መጋቢው ስር የቀረውን እዩ። ገለፈት ብቻ ከሆነ የቀረው፣ አፈጫጩ ላይ ችግር አለ።

ኑግ ፋጉሎ ፕሮቲን አለው። አኩሪ አተርን ልተካበት?

ሙሉ በሙሉ አይሆንም። ፕሮቲኑ 30 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ያጓጓል። ነገር ግን ላይሲን የሚባለው፣ ስጋ ለመስራት በጣም የሚያስፈልገው የፕሮቲን ክፍል፣ ከአኩሪ አተር ያንሳል። ፋይበሩ ደግሞ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ጥቁሩ ቅርፊት ከነሙሉው ነዋ ያለው። በፊኒሸር ላይ በጥቂቱ ይግባ፣ በስታርተር ላይ ቢቀር እመርጣለሁ።

ከፋይበሩ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሻጋታ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ላይ በተደረገ ጥናት አፍላቶክሲን ወደ ላሞቹ የገባበት ዋናው በር ኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል። ዶሮ፣ በተለይ ጫጩት፣ ለዚህ መርዝ ስስ ናት። ጉበቷ ይጎዳል፣ እድገቷ ይቆማል፣ ባለቤቱም ፋይበር በዝቶባት ነው ይላል። ስትገዙ ጓሉን ሰብራችሁ ውስጡን እዩ፣ አሽትቱት። የቆየና የጠነባ ከሸተታችሁ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። ሽታ የሌለው ሁሉ ንፁህ ነው ማለትም አይደለም፣ ስለዚህ ከታመነ ሻጭ ትኩሱን ግዙ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ጎመን፣ አልፋልፋ፣ የቢራ ብቅል ተረፈ ምርት ብሰጣቸውስ?

አረንጓዴ ነገር ጥቂት ተከትፎ ቢሰጥ አይጎዳም፣ እርስ በርስ መነካከሱንም ያስረሳቸዋል። ዋና መኖ ግን አይደለም፣ አብዛኛው ውሃ ነው። የደረቀ አልፋልፋ ፋይበሩ ከ20 በመቶ በላይ ስለሆነ ከ2 ወይም 3 ኪሎ በኩንታል አትለፉ። የቢራ ብቅል ተረፈ ምርትና አተላ ለላም ይስጡ። ለስጋ ዶሮ እርጥቡን መስጠት ሻጋታ መጋበዝ ነው።

ኢንዛይም ከገዛሁ ፉርሽካውን እንደልቤ መጨመር እችላለሁ?

አይቻልም። የኢንዛይም ሻጭ እንደዚያ ሊያስመስለው ይችላል፣ ግን ኢንዛይም ፉርሽካን በቆሎ አያደርገውም። የፉርሽካ ፋይበር አብዛኛው የማይሟሟው ነው። ዛይላኔዝ ጥቂቱን ይከፍታል፣ በግድግዳው ውስጥ የታሰረውንም ስታርችና ፕሮቲን በመጠኑ ያስለቅቃል። ላዩ ላይ ያለው እንጨት መሰል ክፍል ግን ያው ነው። መኖው በዶሮዋ ሆድ ውስጥ የሚቆይበት ሰዓትም አጭር ነው።

በፉርሽካ ላይ የበለጠ የሚያዋጣው ፋይቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው። ፉርሽካ ፎስፈረስ በብዛት አለው፣ ነገር ግን አብዛኛው ፋይቴት በሚባል ነገር ውስጥ የታሰረ ነው። ዶሮ አትፈታውም። ፋይቴዝ ይፈታዋል፣ አጥንት ይጠነክራል፣ ለፎስፈረስ የምታወጡትም ይቀንሳል። ሁለቱንም ስትጠቀሙ በኩንታል የሚገባው መጠን በግራም ስለሆነ መጀመሪያ ከ2 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ጋር ደህና አድርጋችሁ አዋህዱት። ከዚያ ወደ ትልቁ ክምር። እንዲሁ ከላይ የተበተነ ኢንዛይም ለአሥር ዶሮ ይደርሳል፣ ለመቶው አይደርስም። ፀሐይና ሙቀትም ይገድለዋል።

ከረጢቱ ላይ ፋይበር 5 በመቶ ይላል። ዶሮዎቼ ላይ የማየው ግን ከዚያ የበለጠ ነው። ቁጥሩ ውሸት ነው?

የግድ ውሸት አይደለም። ቁጥሩ የሚለካው ነገር ጠባብ ስለሆነ ነው። ከረጢት ላይ የሚጻፈው ድፍድፍ ፋይበር የሚባለው ነው። ዘዴውን በ1860ዎቹ ጀርመን ውስጥ፣ ጎቲንገን አጠገብ በምትገኘው ቬንደ፣ ሄነበርግ እና ሽቶማን የተባሉ ሰዎች ናቸው ያወጡት። መኖውን በአሲድ ያፈሉታል፣ ከዚያ በአልካሊ ያፈሉታል፣ ሳይሟሟ የቀረውን ይመዝኑታል። ችግሩ፣ በማፍላቱ ጊዜ ከፋይበሩ ራሱ ብዙው ሟሙቶ ይሄዳል። የሚሟሟው ፋይበርማ ጨርሶ አይቆጠርም። ገብስ 5 በመቶ ተብሎ ጫጩት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ፒተር ቫን ሱስት የተሻለ መለኪያ አመጣ፣ የሕዋስ ግድግዳውን በሙሉ ማለት ይቻላል የሚይዝ። በዚያ ሲለካ ፉርሽካ 10 መሆኑ ይቀርና 40 በመቶን ያልፋል። በቆሎም 2 መሆኑ ይቀርና ወደ 10 ይጠጋል። መኖ የምታስመረምሩ ከሆነ ላቦራቶሪውን በሁለቱም እንዲለካላችሁ ጠይቁ። ድፍድፉን ብቻ ከሰጧችሁ ግማሽ መልስ ነው የያዛችሁት።

ላቦራቶሪ ሩቅ ከሆነ ግን አንድ ብርጭቆ ውሃና አንድ እፍኝ መኖ ይበቃል። መኖውን ውሃው ውስጥ ጨምሩና አማስሉ፣ ከዚያ አስቀምጡት። በቆሎው ይዘቅጣል። ገለፈትና ፉርሽካ ብዙው ላይ ይንሳፈፋል። ዛሬ የገዛችሁትን ካለፈው ወር ናሙና ጋር ጎን ለጎን አድርጉት። የላይኛው ሽፋን ከወፈረ ቀመሩ ተቀይሯል፣ ነጋዴውን ጠይቁት። በየወሩ ከእያንዳንዱ ግዢ አንድ ኪሎ በከረጢት አስራችሁ ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ። እኔ ጓዳዬ ውስጥ እንዲህ የተደረደሩ አሉ፣ ዶሮዎቹ እድገታቸው በቆመ ቁጥር መጀመሪያ የምሄደው ወደዚያ ነው።